አየሩን እንጂ ክብደቱን አይቀንስም፦ ስለ ጓዝ ማመቂያ ከረጢትና ስለ ንግዱ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ መንገደኛ ጓዙን ሲያሰናዳ ከገዛ ልብሱ ይልቅ የሰው አደራ ይበዛበታል። እናት ውጭ አገር ላለች ልጅዋ ጋቢና በርበሬ ትሰጠዋለች፤ አጎት ምጥን ሽሮና የገብስ በሶ ይጨምራል፤ ጎረቤትም ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ይዞ ይደርሳል። እንቢ ማለት ነውር ስለሆነ መንገደኛው ሁሉንም ይቀበላል። ሻንጣው ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነውና በመጨረሻ አንዱ በጕልበቱ ክዳኑን ሲጫን፣ ሌላው ዚፑን ሲስብ ይታያል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ነው እየተባለ በገበያ የሚሸጥ አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም ልብስ ወይም ስንቅ ከገባበት በኋላ በውስጡ ያለው አየር እንዲወጣ ተደርጎ አፉ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ዕቃው በእርግጥ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ጥቅሙና ወሰኑ ተለይቶ ካልታወቀ ገዢውን በአውሮፕላን ማረፊያ ያሳፍረዋል፤ የእናቲቱን በርበሬ ያሻግተዋል፤ ሻጩንም ደንበኛ ያሳጣዋል። የዚህ ከረጢት ሥራ አየርን ማስወጣት ብቻ ነው። ክብደትን አይቀንስም፤ እርጥብን አያደርቅም፤ በሕግ የተከለከለውንም የተፈቀደ አያደርግም። አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅና ለገዢው በቅንነት ቢያስረዳ ንግዱ የጸና ይሆናል።

የአባቶች ስልቻና የኬላው ነገር

ስንቅን ዘግቶ መጓዝ ለበጌምድር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የፍየል ቆዳ ሳይሰነጠቅ በሙሉው ተገፍፎና ለፍቶ የሚሠራው ስልቻ፣ እህልና ዱቄት የሚያዝበት አቅማዳና ቀልቀሎ፣ እንጀራ የሚያዝበት በቆዳ የተለበጠው አገልግል፣ እነዚህ ሁሉ የመንገድ ዕቃዎች ነበሩ። ከመኪና መንገድ በፊት በነበረው ዘመን በይፋግ ገበያና በደብረ ታቦር አካባቢ ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ሲያሰናዳ ሦስት ነገሮችን ማሰብ ነበረበት። መጀመሪያ ክብደቱን ነው፤ አጋሰሱ ከሚችለው በላይ ቢጭን ከብቱ ከመንገድ ይቀራልና። ሁለተኛ እርጥበቱን ነው፤ አሞሌ ጨው ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፤ ዱቄትም ይሻግታል። ሦስተኛ ኬላውን ነው፤ በየኬላው ጭነቱ እየታየ ቀረጥ ይከፈልበት ነበርና።

ዛሬ በአጋሰሱ ፈንታ የአየር መንገድ ሚዛን ቆሟል፤ በኬላው ፈንታ የጉምሩክና የጸጥታ ፍተሻ አለ። እርጥበት ግን እንደ ጥንቱ እርጥበት ነው። ስለዚህ አዲሱን ከረጢት በእነዚህ በሦስቱ የቀድሞ ጥያቄዎች መመዘን ተገቢ ነው።

ዕቃው ምን እንደሆነ

የእነዚህ ከረጢቶች ዋና ጥሬ ዕቃ ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአንድ የኬሚካል ኩባንያ ላቦራቶሪ የተገኘ ነው። አንዱ ጠርዝ ሸንተረር፣ ሌላው ጠርዝ ቦይ ኖሮት በጣት ሲጫኑት ተያይዞ የሚዘጋው ከረጢት ደግሞ በ1950ዎቹ ዓመታት ከተሠራ በኋላ፣ ዳው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1968 ዓ.ም. ዚፕሎክ በሚል ስም ለቤት አገልግሎት አቅርቦት በዓለም ታወቀ።

በገበያ የሚገኙት ዓይነቶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ትልቁ የልብስ ከረጢት ነው። በጎኑ ወይም በፊቱ አየር ማስወጫ ክዳን አለው፤ አየሩም በእጅ ወይም በኤሌክትሪክ በሚሠራ መምጠጫ ይወጣል። ሁለተኛው መምጠጫ የማይፈልገው ነው። ልብሱ ገብቶ አፉ ከተዘጋ በኋላ እንደ ሰሌን ይጠቀለላል፤ አየሩም በታች በኩል ባለው አንድ ወገን ብቻ በሚያስተላልፍ መውጫ ይወጣል። ሦስተኛው ለምግብ የሚሆነው ነው። አየሩ በመኪና ከተመጠጠ በኋላ አፉ በሙቀት ይጣበቃል። በአዲስ አበባ የባልትና ውጤት የሚሸጡ ሱቆች በርበሬና ሽሮ ለመንገደኛ የሚያሽጉት በዚህ ዓይነቱ ነው። አራተኛው ፕላስቲክ ሳይሆን የጨርቅ ቦርሳ ነው። ሁለት ዚፕ አለው፤ ሁለተኛው ዚፕ ሲዘጋ ልብሱን ይጫነዋል። ይህኛው ዕቃን ያመቃል እንጂ አየር አያግድም፤ ከእርጥበትም አይከላከልም። ባለሱቁ እነዚህን አራቱን እንደ አንድ ቈጥሮ ቢሸጥ ገዢውን ማሳሳት ይሆንበታል።

አሠራሩም ቀላል ነው። ጋቢ ወይም የሱፍ ሹራብ ተጣጥፎ ሲታይ ትልቅ ቢሆንም አብዛኛው በክሩ መካከል የተቀመጠ አየር ነው። በአገር ቤት የተፈተለ ጥጥ ድርብ ሆኖ የሚሠራው ጋቢ የሚያሞቀውም በዚሁ አየር ነው። አየሩ ከከረጢቱ በወጣ ጊዜ በውጭ ያለው አየር ከየአቅጣጫው ይጫነውና ጋቢው ስስ ሆኖ እንደ ጣውላ ይደርቃል። ስለዚህ ከረጢቱ የሚጠቅመው ብዙ አየር ለያዘ ነገር ነው፤ ለጋቢ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለሹራብና ለጥጥ ፍራሽ ማለት ነው።

ክብደት፤ ከጋፋት የሚገኝ ትምህርት

የደብረ ታቦር ሰው ስለ ክብደት ከማንም የበለጠ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማው አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፣ መድፉ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ክብደት ስለነበረው ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገና ሠረገላውን እየጐተተ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶበታል። ብረት በብልሃት አይታመቅም፤ የተሸከሙትን ያህል ይመዝናል።

የመንገደኛውም ሻንጣ በዚህ ሕግ ሥር ነው። ብዙ አየር መንገዶች በዓለም አቀፍ በረራ ለተራው ማዕረግ ተሳፋሪ የአንድ ሻንጣ ክብደት ከ23 ኪሎ ግራም፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮም ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይወስናሉ። ከ32 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን አንድ ሻንጣ ደግሞ ለጫኙ ሠራተኛ ጤና ሲባል በብዙ ስፍራ ጨርሶ አይቀበሉትም። የሻንጣው ቍጥርና ልኩ እንደ አየር መንገዱና እንደ መስመሩ ስለሚለያይ መንገደኛው በቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ማየት አለበት።

እንግዲህ በቍጥር ቢታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ርዝመቱ 75፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 33 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሻንጣ 158 ሳንቲ ሜትር ይሞላል፤ በውስጡም 120 ሊትር ያህል ይይዛል። አንድ ሊትር የበርበሬ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝን፣ ይህ ሻንጣ በበርበሬ ቢሞላ 60 ኪሎ ግራም ይሆናል። 23 ኪሎ ግራም የሚደርሰው ገና ግማሹ ሳይሞላ ነው። ስለዚህ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ የሚይዝ ሰው የጐደለው ክብደት እንጂ ስፍራ አይደለም፤ ማመቂያ ከረጢትም በዚህ ረገድ አይረዳውም። ለእነዚህ የሚያስፈልገው አፉ በደንብ የሚታሸግ ከረጢት ነው፤ ጥቅሙም ሽታንና ዱቄትን ከልብስ መለየትና እርጥበት እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ጋቢ የሚይዝ ሰው ግን ተቃራኒው ይገጥመዋል። ሁለት ሦስት ጋቢ ሻንጣውን ሲሞላው ሚዛኑ ገና ብዙ ይቀረዋል። ማመቂያው ከረጢት የተሠራው ለዚህ ሰው ነው። ነገር ግን አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ጋቢው ታምቆ ባዶ ስፍራ በተገኘ ጊዜ መንገደኛው ደስ ብሎት ያንን ስፍራ በሌላ ዕቃ ይሞላዋል፤ ሻንጣውም ያለ ችግር ይዘጋል፤ በሚዛኑ ላይ በወጣ ጊዜ ግን ልኩን አልፎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የትርፍ ጓዝ ክፍያ ወይም በሰው ፊት ሻንጣ ከፍቶ አደራውን ለሸኚ መመለስ ነው። በዚህ ምክንያት ብልህ ባለሱቅ ከረጢቱን ከትንሽ ተንጠልጣይ የሻንጣ ሚዛን ጋር አብሮ ያቀርባል። ሚዛኑን ያልገዛ ደንበኛም ቢሆን ሻንጣውን በአቅራቢያው በሚገኝ በማንኛውም የእህል ሚዛን እንዲመዝን ቢመከር በኋላ ሻጩን ያመሰግነዋል።

እርጥበት፤ ዋናው ጠላት

አየር የማያስገባ ከረጢት አየር አያስወጣም፤ እርጥበትም ከውስጥ ካለ መውጫ አያገኝም። ስልቻና አቅማዳ ቆዳ ስለሆኑ በመጠኑ ይተነፍሳሉ፤ ጥቂት ስሕተት ቢፈጸም ይታገሡ ነበር። ፕላስቲክ ግን አይታገሥም። ስለዚህ ከረጢት ሻጭ ሁሉ ለገዢው ሊነግረው የሚገባው የመጀመሪያው ቃል «ደረቅ ሳይሆን አትዝጋ» የሚል ነው።

በተለይ ክረምት በደጋው በሚበረታበት ወራት ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ሥር ባሉት ወረዳዎች ልብስ በቶሎ አይደርቅም። ውጭው የደረቀ የሚመስል ጋቢ በጥለቱና በድርቡ መካከል እርጥበት ይይዛል። እንዲህ ሆኖ ቢታሸግ ከረዥም መንገድ በኋላ ሲከፈት የሻጋታ ሽታና ነጠብጣብ ይታይበታል። ሱፍም እንዲሁ ነው፤ ባና ወይም በርኖስ ከመታሸጉ በፊት በፀሐይ ተዘርግቶ መራገፍ አለበት፤ ብል ካለበት ከነብሉ ይጓዛልና። ከዚህም በላይ ሱፍና ላባ ለብዙ ወራት ታምቆ ቢቀመጥ ልስላሴውንና ሙቀቱን ያጣል። ከረጢቱ ለመንገድ ነው፤ መንገደኛው በደረሰ ጊዜ ወዲያው ተከፍቶ ልብሱ መዘርጋት ይገባዋል። የቆዳ ልብስ ጨርሶ ባይታመቅ ይሻላል፤ የተሰበረው መስመር አይቃናለትምና።

ስንቅን በሚመለከት ጥንቃቄው የበለጠ ነው። በርበሬም ሆነ ሽሮ ከወፍጮ ቤት ሲወጣ ትኩስ ነው። እንዲሁ እንደ ሞቀ ቢታሸግ ሙቀቱ በከረጢቱ ውስጥ ወደ ጤዛነት ተለውጦ ዱቄቱን ያረጥበዋል፤ ይጓጉላል፤ ይሻግታልም። ስለዚህ በንጹሕ ሰፌድ ወይም ሸራ ላይ ተዘርግቶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። የገብሱ በሶም ከተቆላና ከተፈጨ በኋላ እንደዚሁ ነው። በርበሬ ገና ዛላ ሳለ በደንብ ሳይደርቅ ቢከመር አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ይህም መርዝ ቢታሸግም ቢቆላም በቀላሉ አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የወሰነው ልክ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም ያልበለጠ ጠቅላላ አፍላቶክሲን ስለሆነ፣ ነገሩ ለግል መንገደኛ ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭ ለሚልክ ነጋዴም ትልቅ ጉዳይ ነው። መልካም ከረጢት መልካሙን በርበሬ መልካም እንደሆነ ያቆያል፤ የተበላሸውን ግን አያድነውም።

እርጥብ ምግብን በሚመለከት አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ወጥ፣ አይብ፣ የተወቀጠ እርጥብ ነጭ ሽንኩርትና እነዚህን የመሳሰሉት አየራቸው ወጥቶ ከታሸጉ በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ መጓዝ የለባቸውም። ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋስ የሚበረታው በትክክል አየር በሌለበትና እርጥበት ባለበት ስፍራ ነው፤ መርዙም በሽታና በጣዕም ላይታወቅ ይችላል። አየር ማውጣት ሻጋታን ያዘገያል፤ ምግብን ግን ሁልጊዜ አያድንም። ደረቅ ስንቅን ማለትም በሶን፣ ቆሎን፣ ድርቆሽን፣ ዳቦ ቆሎን፣ በርበሬንና ሽሮን መምረጥ የአባቶች ልማድ መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የደጋው አየርና የሚነፋው ከረጢት

የደብረ ታቦር ባለሱቅ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ የታሸገ ዕቃ በመደርደሪያው ላይ ተነፍቶ ሲያገኘው ተበላሽቷል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ነገሩ ብዙ ጊዜ ከከፍታው የመጣ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በባሕር ጠረፍ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው የአየር ጫና 1 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ በደብረ ታቦር ግን ወደ 740 ግራም ዝቅ ይላል። በመሆኑም በጠረፍ አገር አየር ይዞ የታሸገ ከረጢት በጅቡቲ ወደብ በኩል ገብቶ ደጋውን ሲወጣ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ አንድ ሊትር የነበረው ከረጢቱ ከተለጠጠለት ወደ 1.4 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ይህ መበላሸት አይደለም። ነገር ግን አየሩ ተመጥጦ የታሸገና እርጥበት ያለው ምግብ ከተነፋ፣ ወይ ከረጢቱ አየር አስገብቷል፣ ወይም በውስጡ ተሕዋስ ጋዝ እያመነጨ ነውና እንዲህ ያለውን መሸጥ አይገባም። ሁለቱን መለየት የባለሱቁ ዕውቀት ነው።

ከደብረ ታቦር ለሚነሣው መንገደኛ ግን ከፍታው ይጠቅመዋል። በበረራ ጊዜ በተሳፋሪ አውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ጫና ብዙውን ጊዜ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ከሚገኘው አያንስም። ይህም ማለት በደብረ ታቦር የታሸገ ከረጢት በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚያገኘው አየር ከአገሩ አየር የሳሳ አይደለም፤ በዚህ ምክንያትም አይፈነዳም። ወደ ጂዳ ወይም ወደ ዱባይ በወረደ ጊዜ እንዲያውም ይበልጥ ይጨበጣል። ከዚያ ወደ ደጋው ለሚመለስ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በጠረፍ አገር ከረጢት የሚያሽግ ሰው አየሩን አሟጥጦ ማውጣት አለበት።

የዘመኑ ኬላ

መታሸግ መደበቅ አይደለም። በቦሌም ሆነ በሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሾች የተጠራጠሩትን ከረጢት ሊያስከፍቱ ይችላሉ። በመምጠጫ የታመቀ ከረጢት በዚያ ስፍራ ከተከፈተ ጋቢው ወደ ቀድሞው ግዙፍነቱ ይመለሳል፤ መምጠጫውም በቤት ስለቀረ ሻንጣው አይዘጋም። ስለዚህ ለመንገደኛ በእጅ ተጠቅልሎ የሚታመቀው ዓይነት ይመረጣል። ለመመለሻ መንገድም ቢሆን የሰው መምጠጫ መለመን አያስፈልገውም።

ዱቄትን በሚመለከት ደግሞ አሜሪካ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገርዋ በሚገቡ በረራዎች በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ውስጥ 350 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ዱቄት ልዩ ምርመራ እንዲደረግበትና ምንነቱ ካልተለየ ወደ ተሳፋሪው ክፍል እንዳይገባ ደንግጋለች። በርበሬና ሽሮ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንጂ በእጅ ቦርሳ መያዝ የለባቸውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በመጨረሻው ኬላ የሚወረሰው አደራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት በግል ጓዙ እንዳያስገባ ይከለክላሉ። አሜሪካም በከብት በሽታ ምክንያት ከኢትዮጵያ የሚሄድ የከብት ሥጋን አትቀበልም። እንግዲህ ቋንጣው የቱንም ያህል ቢደርቅና ቢታሸግ፣ ንጥር ቅቤውም የቱንም ያህል ቢጣራ፣ መታሸጉ ሕጉን አይለውጠውም። በቅቤ የታሸ በሶም በውስጡ ቅቤ አለበትና በደረቁ ቢላክ ይሻላል። ቡናም ቢሆን ከአገር ሲወጣ ለግል መንገደኛ የተወሰነ ልክ ስላለው አስቀድሞ ጉምሩክን መጠየቅ ያስፈልጋል። በየከረጢቱ ላይ የዕቃውን ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጻፍና ሲጠይቁ ሳይደብቁ መናገር ብዙ እንግልት ያስቀራል።

ለአስመጪው

ዕቃውን ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ በመጀመሪያ ሊለየው የሚገባው የታሪፉን አንቀጽ ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ የፕላስቲክ ከረጢት በአንቀጽ 39.23 ሥር ሲገኝ፣ ከፖሊኢትሊን የተሠራው በ3923.21፣ ከሌላ ፕላስቲክ የተሠራው በ3923.29 ይመደባል። የእጅ መምጠጫው በ84.14፣ ሚዛኑ በ84.23፣ የጨርቁ የመንገድ ቦርሳ ደግሞ በ42.02 ነው። ሁሉን በአንድ ስም ጽፎ ማስመጣት በጉምሩክ መጋዘን የሚያጉላላ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው የፕላስቲክ ሕግ ነው። በአዋጅ ቍጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ በአፈር ውስጥ የሚበሰብስ መሆኑ ያልተገለጸበት የፕላስቲክ ከረጢት እንዲመረትም ሆነ እንዲገባ ፈቃድ እንዳይሰጥ ተደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ በተለምዶ ፌስታል የሚባለውን አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ከረጢት ከልክሏል። የጓዝ ማመቂያ ከረጢት ወፍራምና ደጋግሞ የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ይሁን እንጂ አስመጪው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የውፍረቱን ልክና የአገልግሎቱን ዓይነት በጽሑፍ ይዞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይጠቅመዋል። ስሱንና ርካሹን የሚመርጥ ሰው ከሕጉም ከደንበኛውም ጋር ይጋጫል።

ሦስተኛው የጥሬ ዕቃው ዓይነት ነው። ተራ ፖሊኢትሊን እርጥበትን በደንብ ቢያግድም ሽታንና አየርን ቀስ በቀስ ያሳልፋል። የበርበሬ ሽታ ከልብስ እንዳይገባ የሚፈልግ ሰው ናይሎን የተደረበበትን ከረጢት መግዛት አለበት፤ ወይም ሁለት ከረጢት መደረብ ይኖርበታል። አስመጪው ከላኪው ድርጅት ናሙና ሳይቀበልና ሳይፈትን ብዙ ማዘዝ የለበትም።

ለባለሱቁ

ይህ ዕቃ ከሌላው ሸቀጥ የሚለየው ጉድለቱ የሚታወቀው ገዢው ሩቅ ከሄደ በኋላ በመሆኑ ነው። የማይበራ አምፖል የገዛ ሰው በማግሥቱ ይመልሳል፤ አየር የሚያስገባ ከረጢት የገዛ ግን ጉድለቱን የሚያየው ባሕር ማዶ ነው። አይመለስም፤ ነገር ግን ለቤተ ሰቡ ይጽፋል። ስለዚህ ባለሱቁ ከየጭነቱ ጥቂቱን እየመረጠ ራሱ ይፈትን። ፈተናውም ሁለት ነው። ደረቅ ጋቢ ጨምሮ፣ አየሩን አውጥቶ፣ አሳድሮ በጧት ማየት አንደኛው ነው፤ ተነፍቶ ከተገኘ ክዳኑ ወይም ስፌቱ ያስገባል ማለት ነው። ሁለተኛው ባዶውን ከረጢት በአየር ሞልቶ፣ ዘግቶ፣ በውሃ ውስጥ መድፈቅ ነው፤ አረፋ የሚወጣበት ስፍራ ቀዳዳውን ያመለክታል። አሸዋ ወይም ዱቄት በመዝጊያው ቦይ ውስጥ ከገባ ደኅናውም ከረጢት ስለማይዘጋ አፉን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መዝጋትን ለገዢው ማሳየት ተገቢ ነው።

ከመንገደኛው ጓዝ ሌላ ይኸው አየርን የመከልከል ብልሃት ለደቡብ ጎንደር ነጋዴ የሰፋ ገበያ አለው። በአሜሪካ የሚገኘው የፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከካሜሩን ባልደረቦቻቸው ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ለአተር መሰል እህል ማስቀመጫ ያዘጋጁት፣ ፒክስ በመባል የሚታወቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በኢትዮጵያም ይሸጣል። ሁለቱ የውስጥ ድርቦች ፖሊኢትሊን ናቸው፤ የውጩ እንደ ተለመደው ማዳበሪያ የተሸመነ ነው። እህሉ ገብቶ እያንዳንዱ ድርብ ለየብቻው ጥብቅ ሆኖ ሲታሰር በውስጡ ያለው ነቀዝ አየሩን ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ ከዚያም መብላትና መራባት አቁሞ ይሞታል። በዚህ ዓይነት ያለ ነቀዝ መድኃኒት ለወራት ማቆየት ይቻላል። ሕጉ ግን እንደ ጋቢው ሕግ ነው፤ እህሉ ከመታሸጉ በፊት እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ በታች መሆን አለበት። መለኪያ የሌለው ሰው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ ይነቅንቀው፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው፤ ካልተጣበቀ ለመታሸግ ደርሷል።

እንዲሁም በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁ ባለሙያ ሴቶች ከረጢት በሙቀት የሚያጣብቅ ትንሽ መኪና ቢያገኙ፣ በግማሽና በአንድ ኪሎ እያደረጉ፣ የተዘጋጀበትን ቀን እየጻፉ፣ ለመንገደኛው ዝግጁ አድርገው ሊሸጡለት ይችላሉ። እስካሁን ይህ ሥራ በብዛት የሚሠራው በአዲስ አበባ ስለሆነ፣ የደብረ ታቦር ስንቅ በደብረ ታቦር ቢታሸግ ትርፉም በዚያው ይቀራል።

እንግዲህ ለዚህ ንግድ መሠረቱ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ የሚነገረው እውነተኛ ቃል ነው። ባለሱቁ «ይህ ከረጢት ጋቢህን ያሳንስልሃል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው፤ መዝነው። በርበሬውን አቀዝቅዘህ ዝጋ። ቅቤውንና ቋንጣውን እዚሁ ተዋቸው» ብሎ ቢነግረው፣ ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ አይቀንስም፤ እምነቱ ግን ይጨምራል። የእናቲቱ አደራም ደረቅ እንደሆነ፣ ሽታው እንዳማረ ከልጅዋ እጅ ይደርሳል። ልጅዋም በሚቀጥለው ጊዜ መንገደኛ ሲመጣ ከረጢቱ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ ትጠይቃለች።